ቸኮላታ ቤት ያስቀራት ገብስ

ጥሩብርሃን ከኮልፌ ወደ ረጲ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሎ እየቆላች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ወደ ማይጨው ዘምቶ ሲቀር ሆዷ ገፍቶ ነበር። ሴት ልጇን ሰብሌን የተገላገለችው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ከተማው ገና እየጨሰ ሳለ ነው። አራስ ቤት ገንፎ ያበላቻት ጎረቤቷ ዙቤዳ ነበረች። ዙቤዳ ጨውና በርበሬ ትቸረችራለች፣ ልጅ አልወጣላትም፤ በመካከላቸው ያለው አጥር ከፈረሰ ቆይቶ ስለነበር ማን በማን ጓሮ እንደሚገባ ለይቶ የሚናገር አልነበረም።

የጥሩብርሃን ቆሎ ሌላ ነው ይባልላት ነበር። ገብሱ አይጠነክርም፣ አያርም፣ ከጥርስ ላይ ይፈርሳል። እንዴት እንደምታደርገው ሲጠይቋት «ምን አውቄ፣ ራሱ በቃኝ ሲል አወጣዋለሁ» ትላለች እንጂ ሌላ መልስ የላትም። እውነቷን ነው፤ ስትቆላ የምትጠቀመው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጋሌቲ የሚባል ጣሊያን ከዚያው መንገድ በላይ ረጅም የድንጋይ ቤት ሠርቶ የመፍጫ መኪናዎቹን ተከለ። የሰፈሩ ሰው «ቸኮላታ ቤት» አለው። ካካዎ የሚሉት ፍሬ ከባሕር ማዶ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል። ባቄላ ያክላል፣ ጥሬው ይመራል፣ ሽታው የኮመጠጠ ነው። መጀመሪያ ይለቀማል፤ ከዚያ ከበሮ በሚመስል የብረት መቁያ ውስጥ ሆኖ በእንጨት እሳት ላይ እየዞረ ይቆላል። ሲበርድ ይፈተግና ገለፈቱ ይነፈሳል። ፍሬው በሁለት ክብ ድንጋዮች መካከል ሲፈጭ የገዛ ቅባቱ እየወጣ እንደ ወጥ ይቀጥናል። ስኳር ይገባበታል፣ በእምነበረድ ጠረጴዛ ላይ እየተላቆጠ ይቀዘቅዛል፣ በቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ሲረጋ ደግሞ አሥራ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው በወረቀት ይጠቀልሉታል። አብዛኛው የሚሄደው ለጣሊያን ወታደር ነው።

መጀመሪያ ይቆላ የነበረው ሰውዬ ሁለት ጆንያ ካካዎ አሳርሮ ሲባረር፣ የጋሌቲ አስተርጓሚ ሰብስቤ ጥሩብርሃንን አስጠራት። ሰብስቤ ጠና ያለ፣ ለሁሉም ሰው አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከእሷ ቆሎ ይገዛ ነበር። ጥሩብርሃን የብረቱን ከበሮ አይታ ሳቋ መጣ። ከዚያ ጆሮዋን አስጠግታ ቆመች። ፍሬው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ቆይቶ ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ ይንጫጫል፤ መልሶ ሊያርፍ ሲል «አሁን» አለች። ጋሌቲ አንዱን ፍሬ ሰብሮ ቀመሰና ሰብስቤን በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው።

«ከነገ ጀምሮ ነይ ብሎሻል» አላት ሰብስቤ።

እንዲህ ሆኖ ሥራ ገባች። ጠዋት ሰብሌን ለዙቤዳ ሰጥታ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊሽካ ይነፋል፤ ሴቶቹ ተሰልፈው አፋቸውን ሳይቀር ይፈተሻሉ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዳ ልጇን ትቀበላለች። ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ኖረች። ጋሌቲን ጣሊያን በመሆኑ ትጠላዋለች፣ የባሏን ደም አትረሳም፤ ግን ልጅ መብላት አለባት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆማ ለራሷ የምትነግረው ይህንኑ ነበር።

በሠላሳ ሁለት ሰኔ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። ባሕሩ ተዘጋ። ካካዎው መምጣቱን አቆመ። ጋሌቲ መጀመሪያ በየቀኑ ወደ ከተማ እየወጣ ሹማምንቱን ይለምን ነበር፤ በኋላ መውጣቱን ትቶ ከጆንያዎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

«ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ?» አለች ጥሩብርሃን።

«ፈርቶ ነው» አላት ሰብስቤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለጦሩ ቸኮላታ ስለሚሠራ ነው ጠመንጃ ያልተሸከመው። ፋብሪካው የቆመ ዕለት የወታደር ልብስ አልብሰው ወደ ጦር ሜዳ ይልኩታል። የቀረን ስድስት ጆንያ ነው። እሱ ሲያልቅ እኛም እናልቃለን።»

ጥሩብርሃን ያን ዕለት ዝም ብላ ብትሄድ ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር። በኋላ ብዙ ቀን ይህን እያነሳች ራሷን ጠይቃለች። ለእንጀራዋ ብላ ነው? ለሴቶቹ አዝና ነው? ሁለቱም አለበት። እውነቱን ለመናገር ግን የገፋፋት ሙያዋ ነው። ካካዎውን ስትቆላ ሽታው የሆነ ቦታ ላይ ከጠቆረ ገብስ ሽታ ጋር እንደሚገናኝ ካወቀች ቆይታለች፤ የሚሆን አይመስልም ያሉትን ነገር ሆኖ ማሳየት ደስ የሚላት ሴት ነበረች።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ይሞክሩኝና አንድ ነገር ልሥራ በሏቸው» አለች።

ካካዎውን ልታበራክትበት ገብስና ኑግ አስመጣች፤ ገብሱን ሊያር አንድ እርምጃ እስኪቀረው ድረስ ቆላችው። ኑጉን ለብቻው አመስ አመስ አደረገችው፤ ኑግ እሳት አይችልም። ሲጣል የነበረውን የካካዎ ገለፈት ከማጠራቀሚያው አስወጥታ ከጥቂት ካካዎ ጋር ሁሉንም አንድ ላይ አስፈጨችው። የኑጉ ዘይት ግን አልረጋ አለ፤ ቅርጹ ውስጥ ሲፈስ እንደ ጭቃ ይተኛል። ሦስት ቀን አስባ የበሬ ሞራ አስመጣች። በፈላ ውሃ ሰባት ጊዜ እያጠበች ሽታውን አጠፋችና ጨመረችው። በማግስቱ ጠዋት ጋሌቲ ቅርጹን ገልብጦ ሲመታው ቸኮላታው ሳይሰበር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል።

ቸኮላታውን የሚጠቀልሉት ሴቶች ቀምሰው ተሳሳቁ። «ወይ ጉድ፣ ይኼማ የገብስ ችኮ ነው!» አለች አንዷ። ከጦሩ የመጣ መኮንን ግን ቁጭ ብሎ ሁለት ቸኮላታ ጨረሰና ትእዛዙን ፈርሞ ሄደ። ጋሌቲ «ብራቫ» እያለ የጥሩብርሃንን ትከሻ ሲመታ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሷም፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሏታል።

ደስታዋ ከአንድ ሳምንት አላለፈም። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቀን ፊሽካ ተነፍቶ፣ ሴቶቹ ተፈትሸው ሲወጡ፣ ሰብስቤ በሩ ላይ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«አንቺ ቆዪ።»

«ምነው፣ ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም። ለጊዜው... እዚሁ ታድሪያለሽ። ገለፈቱ የሚቀመጥበት ክፍል ተጠርጎልሻል፣ ብርድ ልብስም አለ።»

ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። ሰብስቤ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ልጅ አለችኝ እኮ።»

«ነግሬዋለሁ። ሌላ ጣሊያን አሠራሩን ሰምቶ አንቺን ሊወስድበት ይፈልጋል ይላል። እንዴት እንደሚቆላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ከሄድሽ እሱ ወደ ጦር ሜዳ ነው። ጎረቤትሽ ልጅቷን ትያዝልሽ፤ እሑድ እሑድ በአጥሩ በኩል ታሳይሽ።»

«እምቢ ብልስ?»

«የጦሩን ነገር ለአርበኞች አወጣች ብዬ ለካራቢኜር ፖሊሶች እሰጣታለሁ ብሏል። ያደርገዋል፣ ጥሩብርሃን። የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።»

ጥሩብርሃን በሩን በሚጠብቀው ዘበኛ አጠገብ አልፋ በሩን በእጇ ገፋችው። ተቆልፏል። ከውጭ ሴቶቹ ቁልቁለቱን እየወረዱ ሲያወሩ ይሰማል። «ዙቤዳ!» ብላ ጮኸች፤ ቤቷ ግን ድምፅ ከሚደርስበት ይርቃል።

ክፍሏ ሦስት እርምጃ በአራት ነበረ። መስኮቱ ብረት አለበት። ግድግዳው የካካዎ ገለፈት ሽታ ጠጥቶ ጠጥቶ ቢፋቅ አይለቅም። አልተመታችም፣ አልተራበችም። ዳቦ ይሰጣታል፣ ሩዝ ይሰጣታል፣ ሰውነቷም ሞላ። ለሰው ማስረዳት ያቃታት ይኼው ነው፤ የታሰረ ሰው ከሳ፣ ጠቆረ ይባላል እንጂ ወፈረ አይባልም። ጠቅላዮቹ ሴቶች መጀመሪያ ያዝኑላት ነበር። ወር ሲሆን ሹክሹክታ መጣ። ሁለት ወር ሲሆን «የሲኞር ጋሌቲ ሴት ሆነች» ተባለ። አንዲቱም ፊት ለፊት አልተናገረቻትም፤ ግን ስትቀርባቸው ወሬያቸውን ያቆማሉ።

እሑድ እሑድ ዙቤዳ ሰብሌን አዝላ ወደ ግቢው የሽቦ አጥር ትመጣለች። ልጅቷ በሽቦው መሐል እጇን ታስገባና የእናቷን ነጠላ ትይዛለች።

«እማ፣ ነይ እንሂድ።»

«እመጣለሁ፣ የኔ ዓለም።»

«አሁን ነይ።»

ዙቤዳ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። «ትበላለች፣ አትስጊ» ትላለች። «ትተኛለችም። እኔ እስላም ብሆንም ክርስትናዋን አልነካሁብሽም፣ ገና ልጅ ናትና ጾምም አላስጾምኳትም። እስክትወጪ እንዳለች አቆያታለሁ።» ከሽቦው ስትርቅ ነው የምታለቅሰው።

ታኅሣሥ ላይ ጥሩብርሃን መላ መታች። የማልረባ ብሆን ያባርሩኛል ብላ አንድ ሙሉ መቁያ ገብስ ሆን ብላ አሳረረች። እጇ እምቢ እያላት ነው ያደረገችው፤ ገብሱ ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ጋሌቲ ቀመሰና ተፋው። ቆሞ ብዙ አያት። በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጡና እሑድ እሑድ በምትቆምበት በኩል ያለውን ሽቦ በቆርቆሮ ደፈኑት።

የዚያን እሑድ ሰብሌ በቆርቆሮው ማዶ ስትጠራት ሰማቻት። ጥፍሯ እስኪደማ ቆርቆሮውን ቧጠጠች። በሁለተኛው እሑድ ድምፁ አጠረ። በሦስተኛው ማንም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ አንድም አላሳረረችም። ጥር ሲገባ፣ ጋሌቲ ደስ እንዳለው ለማሳየት ይሆናል፣ ከቆርቆሮው ላይ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ አስቆረጠላት። ዙቤዳ ይህን ሰምታ ልጅቷን መልሳ ስታመጣት፣ በዚያች ቀዳዳ የሰብሌን አንድ ዓይን አየች። ልጅቷ ተጠግታ አየቻት፣ ጥቂት ቆየችና ወደ ኋላ ዞረች።

«እማ፣ እንሂድ፣ በረደኝ» አለች።

የምትናገረው ለዙቤዳ ነበር። ዙቤዳም ደንግጣ «እናትሽ እኮ እዚህ ናት!» ስትል ጥሩብርሃን ሰማች። ቀዳዳዋን በእጇ ጋርዳ ተቀመጠች። ከዚያች ቀን ወዲያ ከዚያ ቤት ለመውጣት የማታደርገው ነገር እንደማይኖር አወቀች።

«ሌላ ሰው ቢያውቀውስ?» አለችው ሰብስቤን ሰኞ ጠዋት። «አሠራሩን ለሌላ ባስተምር ይለቀኛል?»

ሰብስቤ ጠይቆ ተመለሰ። «ሌላ ሰው በትክክል ከቻለ ትሄዳለች ብሏል።»

አልማዜ ከጠቅላዮቹ አንዷ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እናትና አባቷን በልጅነቷ ቀብራ አክስቷ ቤት ጓዳ ወለል ላይ ነው የምታድረው። እጇ ፈጣን ነው፤ ሌሎቹ አንድ ሲጠቀልሉ እሷ ሁለት። ጥሩብርሃን ስትቆላ ቆማ የምታይ እሷ ብቻ ነበረች፣ ስለ እሷ የሚወራውን ሐሜትም ስትሰማ «ተዉ እንጂ» የምትል እሷ ነበረች። ጥሩብርሃን ስትጠራት እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ጥሩ፣ እውነት ታስተምሪኛለሽ?»

«አስተምርሻለሁ።»

አልማዜ ወዲያው አልተጠጋችም። ወደ ገለፈቱ ክፍል በዓይኗ አመለከተች። «ከቻልኩበት ግን... እኔ ነኝ እዚያ የምገባው?»

ጥሩብርሃን ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። መልሱንም አዘጋጅታለች።

«አይመስለኝም» አለች። «እኔን ያስቀሩኝ በልጄ የተነሳ ልቤ ውጭ ነው ብለው ነው። አንቺ ምን አለሽና ትጠፊያለሽ?»

ይህን ስትል ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው በኋላ ያስፈራት።

ማስተማሩን ግን በሐቅ አስተማረች። ጆሮዋን ከከበሮው ጋር አስጠግታ «ሲንጫጫ አትቸኩዪ፤ ተንጫጭቶ ሲያዝን፣ ያኔ ነው» አለቻት። ኑጉን በመዳፍ ሙቀት መለካት አሳየቻት። ሞራው ሲታጠብ ሰባተኛው ውሃ ላይ ምን መምሰል እንዳለበት አሳየቻት። አልማዜ አንዴ የነገሯትን አትረሳም። አንዳንዴ ሲሳካላት ትስቅና ክንዷን ትይዛታለች፤ ጥሩብርሃን ያን ጊዜ እሳት ለመቆስቆስ ታጎነብሳለች።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ጋሌቲ አልማዜን ብቻዋን አስቆላት። ስትጨርስ ሁለት ቸኮላታ፣ አንዱን የጥሩብርሃንን፣ አንዱን የአልማዜን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ። የትኛው የማን እንደሆነ ሳያውቅ ለአንዱ «ብራቫ» አለ። የአልማዜ ነበር።

በዚያው ቀን ጥሩብርሃን ብርድ ልብሱን አጥፋ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ ፊሽካውን ጠበቀች። ሴቶቹ ተሰለፉ። እሷ መጨረሻ ላይ ቆመች፤ አልማዜ ከፊቷ ናት። ሰብስቤ በሩ ላይ ሆኖ አሥራ አንዱን አሳለፈ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ሁለታችሁም ቆዩ።»

ጥሩብርሃን አልገባትም። «ትሄዳለች ብሎ የለም እንዴ?»

«ብሎ ነበር» አለ ሰብስቤ። «አሁን የሚያውቁት ሁለት ሆኑ ይላል። አንዷ ብትወጣ ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው ይላል። እኔ ምን ላድርግ? እኔስ ከዚህ መውጣት የምችል ይመስላችኋል?»

በሩ ተዘጋ። አልማዜ አልጮኸችም። ጥሩብርሃንን ዞራ አየቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«እለቅሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ በማርያም፣ እኔንም ዋሽቶ...»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ። እኔ እንደምቆለፍ ታውቂ ነበር?»

ጥሩብርሃን ዓይኗን ወደ ገለፈቱ ክፍል አሸሸች። አልማዜ መልሷን ከዚያ አገኘች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልማዜ «እትዬ» ብላ አልጠራቻትም። ጨርሶ በስሟም አልጠራቻትም። ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጆንያ ፍራሽ ላይ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው አምስት ሳምንት ኖሩ። ቀን አንዷ ትቆላለች፣ አንዷ ትነፍሳለች። ከቀዳዳዋ ማዶ ሰብሌ ስትመጣ አልማዜ ትነሳና ወደ መፍጫው መኪና ክፍል ትሄዳለች። እናትና ልጅን ለብቻቸው ለመተው ይሁን ላለማየት አይታወቅም። ጥሩብርሃን ይቅርታ ልትል ብዙ ጊዜ ተነስታ መልሳ ተቀምጣለች። እያንዳንዱ ቃል አፏ ላይ ሲደርስ ሌላ ውሸት ይመስላታል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ነገሩ ሁሉ መለወጥ ጀመረ። ከከተማው ዕቃ ጭነው የሚወጡ ካሚዮኖች በዙ፣ ቸኮላታውን የሚወስደው የጦሩ መኪና ቀረ። አውሮፕላን ሲያልፍ ጋሌቲ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። አንድ ጠዋት ሰብስቤ አልመጣም። በማግስቱ ዘበኛው አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጠቅላዮቹ ሴቶችም አንዲት ሳትመጣ ቀረች። ጋሌቲ ትልቁን በር ከውስጥ በሰንሰለት ቆለፈና ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ አሰረው። ከዚያ በርጩማውን በሩ አጠገብ አድርጎ ተቀመጠ። አልተላጨም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መስሎ ታያት።

መቁያው ቀዝቅዟል። ሁለት ቀን ሦስቱም በዚያ ቤት ውስጥ ከፍርፋሪ ቸኮላታ ሌላ የሚቀመስ ሳይኖራቸው ሰነበቱ። ሴቶቹ ጾም ላይ ናቸውና ሞራ ያለበትን አልነኩትም፤ የተቆላ ገብስ ቆረጠሙ።

እሑድ፣ ሆሳዕና ሊሆን ሳምንት ሲቀረው፣ ዙቤዳ ከቆርቆሮው ማዶ መጥታ በድንጋይ ደበደበች።

«ጥሩብርሃን! አለሽ? ሄደዋል! መንግሥታቸው ከተማውን ለቆ ሄደ፣ እንግሊዞች ዛሬ እየገቡ ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«ተቆልፎብናል!» አለች ጥሩብርሃን።

«ማን ነው የቆለፈው? ማንስ ቀረና?»

ጥሩብርሃን ወደ ጋሌቲ ሄደችና መዳፏን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

ጋሌቲ ራሱን ነቀነቀ። ከሰብስቤ የለቀማት ጥቂት አማርኛ ነበረችው። «በር ክፈት፣ ሰው ይገባል። ጋሌቲ ይሞታል። አንቺ እዚህ። ሰው ሲመጣ፣ ጋሌቲ ጥሩ፣ በይ። ዳቦ ሰጠ፣ በይ። አልመታ፣ በይ።»

«ቁልፉን» አለች መልሳ።

ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ አስጠጋው። እያለቀሰ ነበር። ጥሩብርሃን ስትጠላው የኖረችውን ክፉ ሰው በፊቱ ላይ ፈለገች፤ ያየችው ግን ለስድስት ወር ልጇን የከለከላት አንድ ፈሪ ብቻ ነው። ያ የባሰ አናደዳት። አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ ልትበጥስ እጇን ስትሰድድ ከኋላዋ የብረት ድምፅ ሰማች።

አልማዜ የመቁያውን ማዞሪያ ነቅላ መጥታለች። እንደ ክንድ የሚረዝም ከባድ ብረት ነው። ወደ ጋሌቲ አላየችም፤ ብረቱን በሰንሰለቱ ቀለበት ውስጥ ከተተችና «ያዢ» አለች። ጥሩብርሃን ጫፉን ያዘች። አንድ ላይ ተጫኑት። ሰንሰለቱ አልተነቃነቀም። ዳግመኛ ተጫኑት። በሦስተኛው ሰንሰለቱ ሳይሆን የበሩ ማጠፊያ ከነእንጨቱ ተገነጠለ፤ በሩ ወደ ጎን አዘነበለና ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሆነ። ጋሌቲ ሊያቆማቸው አልሞከረም። «አትሂጂ» ብቻ ይላል፣ «አትሂጂ።» ሁለቱም ወጥተው አሥር እርምጃ ሳይርቁ በሩን መልሶ እየገፋ ባዶ ጆንያ ሲደረድርበት ሰሙት። በዚያው ሳምንት ወታደሮች መጥተው ከሌሎቹ ጣሊያኖች ጋር ወሰዱት ተባለ፤ የነካው ሰው አልነበረም።

አልማዜ መንገዱ ላይ ስትደርስ ወደ ላይ ታጠፈች። ጥሩብርሃን «አልማዜ» ብላ ጠራቻት። አልዞረችም።

ሰብሌ ከዙቤዳ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጣ ነበር። ጥሩብርሃን ተንበርክካ እጆቿን ስትዘረጋ ልጅቷ የቀሚሱን ጫፍ አጥብቃ ያዘች። «ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት» አለች ዙቤዳ እየገፋቻት። ሰብሌ ማልቀስ ጀመረች።

«ተያት» አለች ጥሩብርሃን። «አታስገድጃት።»

ወደ ቤቷ አልገባችም። ዙቤዳ ቤት፣ ከልጇ መኝታ ማዶ፣ ቁርበት አንጥፋ ተቀመጠች። ሰብሌ እስክትቀርባት ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። መጀመሪያ ከእጇ ቆሎ ተቀበለች። ሌላ ቀን ፀጉሯን እንድትሠራት ፈቀደች። «እማ» ስትል ሁለቱ ሴቶች እኩል ይዞራሉ፤ ልጅቷም በዚህ ትስቅ ጀመር። ጥሩብርሃን ልጇን ለብቻዋ ወደ ቤቷ ልትወስዳት ፈልጋ አልደፈረችም። በመጨረሻ ዙቤዳ ራሷ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ጥሩብርሃን ቤት ተሻገረችና «እንግዲህ ሦስታችንም እዚህ ነን» አለች። እንደዚያው ሆነ።

ቸኮላታ ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆየና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ መጣ። ፋብሪካው የአገር ሊሆን ነው፣ በሩ ላይ ባንዲራ ሊሰቀል ነው፣ ቀድሞ ትቆላ የነበረችው አንቺ ነሽ ይባላል፣ ደሞዝሽ ጥሩ ይሆናል አላት። አክብሮ ነው ያነጋገራት።

«ተሳስተዋል፣ ጌታዬ» አለችው። «እኔ የማውቀው ቆሎ ብቻ ነው።»

ሰውዬው ቢለምን ቢለምን ወይ ፍንክች። ሲሄድ ግን ተከትላው ወጣችና «አልማዜ የምትባል ልጅ አለች» አለችው። «ከእኔ ትበልጣለች። ግን ጠይቋት። ከፈለገች ብቻ።»

አልማዜ ፈለገች። ካካዎው ከባሕር ማዶ እንደገና መጣ፤ የሚቆሉት ሠራተኞች አለቃ ሆነች፣ የመቁያ ክፍሉም ቁልፍ በእሷ እጅ ሆነ። ጥሩብርሃን ይህን ከሰማች በኋላ ወደ እሷ ለመሄድ ሌላ ዓመት ፈጀባት። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ዳገቱን ወጣችና ከበሩ ውጭ ቆማ አስጠራቻት። አልማዜ በነጭ ሽርጥ ወጣች። ሰውነቷ ደልቷል። «ግቢ» አለቻት።

«አልገባም። እዚሁ ልበልሽ።» ጥሩብርሃን ነጠላዋን በእጇ አጣመመች። «ያኔ አውቄ ነው ያስገባሁሽ። እንደምትቆለፊ አውቅ ነበር። ይቅር በዪኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

አልማዜ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች። በግቢው ውስጥ መኪናው ይንጓጓል።

«እኔም ብሆን አደርገው ነበር እንድልሽ ከፈለግሽ» አለች በመጨረሻ፣ «አላደርገውም ነበር። ልጅ ስለሌለኝ ይሆናል። አላውቅም።»

«እሺ» አለች ጥሩብርሃን።

«ጸሐፊውን ወደ እኔ የላክሽው አንቺ መሆንሽን ነግሮኛል።»

«ጠይቋት ነው ያልኩት።»

«እሱንም ነግሮኛል።» አልማዜ ወደ ግቢው ዞር አለችና መልሳ አየቻት። «እየቆላሁ ነው፣ እሳቱን ትቼ ነው የወጣሁት። ደህና ዋዪ፣ እትዬ ጥሩ።»

ገባች። ጥሩብርሃን በሩ ሲዘጋ ቆማ አየች፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደች። ዙቤዳ ደጃፍ ላይ በርበሬ ታበጥራለች፣ ሰብሌም አጠገቧ ናት። ልጅቷ ስታያት ተነስታ እስከ መንገዱ ድረስ መጣችና ያመጣሽልኝ አለ ወይ ብላ እጇን ፈተሸች። ምንም አላመጣችላትም ነበር።

«ባዶ እጅሽን መጣሽ!» አለች ሰብሌ እየነጫነጨች።

«ባዶ እጄን መጣሁ» አለቻትና አብረው ወደ ቤት ገቡ።